ቦራ የላሰችው ጆንያ

ዛሬ ጠዋት ልጄ የዩሪያ ማዳበሪያውን ጆንያ ሲቀድ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ወጣ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ላሟ የት እንደታሰረች ነው።

ልጅ ሳለሁ ከወንጂ ዝቅ ብሎ አዋሽ ዳር ሩዝ እንዘራ ነበር። ማሳውን የምታበላው ላማችን ቦራ ነበረች፤ እበቷን ከእናቴ ጋር በቅርጫት እያጋዝን እንበትነው ነበር። አንድ ክረምት አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩሪያ አመጣ። ነጭ ነው፣ እንደ ጨው ያብለጨልጫል። ማሳው ላይ ረጨውና ባዶውን ጆንያ ዳር ላይ ጣለው።

ቦራ ጆንያው ላይ የቀረውን ስትልስ ያየናት ዘግይተን ነው። ሆዷ ተነፋ፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ሮጠው መጡ፣ ግን ፀሐይ ሳትበረታ ሞተች።

«አይዞህ፣ ላም ትተካለች» አሉት አባቴን።

አባቴ ዓይኑን ከጆንያው ሳይነቅል፣ «እስክትተካ እበት ከየት አመጣለሁ? ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሎሌ ነኝ፣ ኦቦ» አላቸው።

አልገባኝም ነበር። በሳምንቱ ሩዙ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ። እንዲያ አምሮ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁት።

የአባቴ ንግግር ትርጉሙ የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ ማዳበሪያው ዘግይቶ፣ ሩዙ ቢጫ ሆኖ፣ እኔም እንደ ሎሌ መንገድ መንገዱን ሳይ ስከርም። ሰው እሱን የሚያበላውን ነገር ጠባዩን ሳያውቅ አይመነው፤ ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

«አባባ፣ ደግሞ የቦራን ታሪክ ሊጀምሩ ነው?» አለ ልጄ እየሳቀ።

ከኋላው ላሟ ገመዷን ወጥራ፣ አንገቷን ወደተከፈተው ጆንያ ዘርግታ ነበር።