ኳሱና የየኔታ ዜማ

«አጥፋው አልኩህ! የኮምፒውተር ኳስ ከየኔታ ዜማ በለጠብህ?»

ዲያቆኑ ታላቅ ወንድሜ የኔታ ሲያዜሙ በስልኩ ቀርጿቸው መጥቷል። ስልኩ ስለሞላ ወደ ኮምፒውተሬ ሊያዛውረው ፈለገ፤ ኮምፒውተሬን ደግሞ ኳስ ስጫወት የቀረጽኩት ቪዲዮ ሞልቶታል።

«ምንም አይጠፋም፤ ቪዲዮውን አሳንሰዋለሁ» አልኩት።

«ቀጥለህ የኔታንም ልታሳንሳቸው ነዋ!»

«እሳቸውን ማን ደፍሮ ይነካል?»

ቪዲዮው በከፍተኛ ጥራት ስለተቀረጸ የሜዳው ሣር እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ቪዲዮውን የምልክላቸው መሐል ሜዳ ከተማ ያሉት ጓደኞቼ ግን የሚያዩት በስልክ ነው። ጥራቱን ወደ መካከለኛ አወረድኩት፤ በሴኮንድ ስልሳ ምስል የነበረውን ሠላሳ አደረግሁት። መቅረጫውንም ለሌላ ጊዜ በዚሁ ልክ አስተካከልኩት። ግጥምም ስጽፍ ሥራ የሌለውን ቃል እንዲሁ ነው የማወጣው። አዲሱ ቅጂ የቀድሞውን ሩብ አላከለም፤ ከጎሎቹ ግን አንድም አልጎደለ። አሮጌውን ደመሰስኩት።

ወንድሜ ዜማውን አዛውሮ አዳመጠ። የኔታ ከመጀመራቸው በፊት የሚስሏት ሳል ሳትቀር አለች።

«ሳላቸውንም አልነካህ» ብሎ ሳቀ። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ፤ በሩንም ነፋሱ ከኋላው ዘጋው።