የአባቴ ቤትና የአባቴ ኮተት

ዛሬ ቢቸና ላይ የአባቴን ቤት ልንሸጥ ኮተቱን ስናወጣ ግድግዳው ሊከተለን ነበር!

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕቃ መጣል አያውቅም። የተሰበረ አልጋ፣ ያረጀ ጎማ፣ የተቀደደ በርሜል፣ ሁሉንም ጓዳው ውስጥ እስከ ጣሪያ ከምሮታል።

ገዢው ከሞጣ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። እኔና ወንድሜ አልጋውን ስንስበው ግድግዳው ሲጥ ብሎ ወደ እኛ ዘመመ። ለካ እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል፤ ግድግዳውን ደግፎ ያቆመው ኮተቱ ነው!

እየተሯሯጥን ኮተቱን ወደ ቦታው መለስነው። (ቤት ለመሸጥ ዕቃ መልሶ የሚከምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?)

ገዢው "እደውላለሁ" ብሎ ባጃጅ ያዘ።

ዕቃ ልታወጣ አብራን የመጣችው አክስቴ ደግሞ "አባታችሁ 'አትንኪው' ሲለኝ ስስት ይመስለኝ ነበር" ብላ ቁጭ አለች።

እኔ ግራ ገብቶኛል። ያን ሁሉ ዘመን "ጣለው" ስንለው እምቢ ያለን አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ?

እናንተስ፣ ከወላጅ ቤት አውጥታችሁ፣ ደንግጣችሁ የመለሳችሁት ነገር አለ?