የጁዶ አስተማሪው ቋጠሮ

ከምርጫው በኋላ በነበረው ክረምት ከቤቴ ወስደው እስር ቤት ሲያስገቡኝ፣ በሩ ላይ ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ተቀበሉኝ። ክፍሏ ርዝመቷ ስድስት እርምጃ፣ ወርዷ አራት ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ለምርመራ የሚጠራ ሁሉ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ይወጣል።

ከምሳ በኋላ በተራ ፊልም እንተርክ ነበር። ተራዬ ሲደርስ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ያየሁትን አንድ አሮጌ የጃፓን ፊልም መረጥኩ። ፖሊሶች አንድን የጁዶ አስተማሪ «ተማሪዬ ሰው ገድሏል ብለህ ፈርም» ይሉታል። አስተማሪው ልጁ እንዳልገደለ ያውቃል።

«ከዚያስ፣ ቻይናው ምን አለ?» አለ የክፍሉ ካቦ።

«ጃፓን ነው።»

«ያው ነው። ቀጥል፣ ሊቁ!»

ቀበቶውን እንዴት እንደሚያስር ተነስቼ አሳየሁ፤ ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ፣ ጫፎቹ እኩል። ያልተናገርኩት ነገር ቢኖር፣ ወረቀቱን ሲያቀርቡለት የቪዲዮ ቤቱ መብራት መጥፋቱን ነው። መጨረሻውን አላየሁም።

ከጎኔ የሚተኙ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። በባልደረቦቻቸው ላይ እንዲመሰክሩ ወረቀት እንደቀረበላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

«ፈረመ?» አሉኝ።

«አልፈረመም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

«ለቀቁት።»

ሳቁ። «እሷን እንኳ ተዋት፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጠዋት ስማቸው ተጠራ። ከፎጣቸው ጠርዝ በቀደዱት ጨርቅ ሱሪያቸውን አሰሩ። ጫፎቹን አስተያዩ፤ እኩል አልነበሩም። ፈትተው እንደገና አሰሩ።

«ፍጠን፣ ሽማግሌ!» አለ ጠባቂው።

ሁለቱንም እጃቸውን ለቀቅ አድርገው ወጡ። አልተመለሱም።

እኔ በሦስተኛው ቀን የቀረበልኝን ወረቀት ፈረምኩ። ሱሪዬን በግራ እጄ ይዤ ነበር።

አሁን የምኖረው ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ካምደን ገበያ፣ አሮጌ ዲቪዲ ከታጨቀበት ካርቶን ውስጥ ያንን ፊልም አገኘሁት። ቤት ከምንጋራው፣ እዚሁ ከተወለደ ልጅ ጋር አየነው። ወደ መጨረሻው ላይ ለልጁ ስልክ ተደወለለትና ወጣ። የጁዶ አስተማሪው ብዕሩን አነሳና ፈረመ።

ልጁ ተመለሰ። «ሶሪ፣ ማናጀሬ ነው፣ ሺፍት ቼንጅ አድርግ እያለኝ። ሰውዬው ሳይን አደረገ?»

«አላደረገም» አልኩትና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ።

ያንን ፊልም ሁለት ጊዜ ዋሽቼ ጨርሼዋለሁ። የሚቆጨኝ መዋሸቴ አይደለም፤ ሱሪዬን በግራ እጄ ይዤ መፈረሜ ነው።