ከል ለብሼ የገዛሁት የጭስ ሸክላ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ነው። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። አሁንም የምጽፈው ቀስ እያልሁ ነው። በዚያ በጋ በአንድ ሸክላ ምክንያት ስሜንና እናቴን አንድ ላይ ላጣ ነበርና ከልቤ አልወጣ ብሏል። እናቴ ስል የባለቤቴን እናት ማለቴ ነው።

የምኖረው ቆቦ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ሞገስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሽንኩርት እርሻ የውሃ ፓምፕ ይጠብቅ ነበር። መስከረም ላይ በአጭር ሕመም ዐረፈ። ልጅ አልሰጠንም። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እናቱ ነን። እኔም እንደ ልጆቿ እምዬ ነው የምላት።

በአርባው ዕለት የሞገስ ታላቅ እህት ብርዛፍ ለብቻዬ ጠራችኝ። የምትኖረው ሮቢት ነው። «እናቴን አንቺ ዘንድ የተውኳት የወንድሜን ቤት ስላከበርኩ ነው» አለችኝ። «አንድ ነገር የሰማሁ ዕለት ግን መጥቼ እወስዳታለሁ።» አልተቀየምኋትም፤ እሷም ወንድሟን ቀብራ ነው። ግን እምዬ ከሄደች በዚያ ቤት ሞገስ ብዬ ስሙን ስጠራ የሚሰማኝ ሰው እንደማይኖር አወቅሁ።

በእኛ አገር ጭስ መሞቅ የማታውቅ ሴት የለችም። ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የወይባ እንጨት ይነድበታል፤ ሴቲቱ ከላዩ ተቀምጣ በብርድ ልብስ ትሸፈናለች። ሙሽራ ትሞቃለች፣ አራስ ትሞቃለች፣ አሮጊት ለቁርጥማቷ ትሞቃለች። ኀዘንተኛ ግን አትሞቅም። ጭስ የሞቀች ሴት ገላዋ ይለሰልሳል፣ ሽታዋም ከሩቅ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጭስ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ባል ነው።

የእምዬን የጭስ ጉድጓድ በየዓመቱ የሚቆፍርላት ሞገስ ነበር። የቆቦ አፈር ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው፤ ለሽንኩርት እንጂ ለጉድጓድ አይሆንም። ክረምት በገባ ቁጥር ይናዳል። እሱም ዝናቡ ሲያባራ ዶማውን ያነሣና «እምዬ፣ ዘንድሮስ የማይናድ ነው የምሠራልሽ» ይላታል። «ዐምናም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር» ትለዋለች፤ ስታቆላምጠው እንደ ሴት ነበር የምትጠራው። ባለፈው ዓመት ሳይቆፍርላት ሄደ።

እምዬ ለቅሶው ላይ በሰው ሁሉ ፊት ምላ ነበር። «ልጄን አፈር በልቶት እኔ ገላዬን አላሽም። እስከ ሙት ዓመቱ ጭስም ቅባትም አይነካኝም» ብላ። ቃሏን ጠበቀች። ጥር ሲገባ ግን ጉልበቷ ተቆለፈ። አንድ ጠዋት በእጇ መሬቱን እየተመረኮዘች፣ እየዳኸች ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ አየኋት። አየሁሽ አላልኋትም። ወደ ቤት ተመልሼ እስክትገባ ጠበቅሁ።

«እምዬ፣ ጭሱን እንሥራው» አልኋት በኋላ።

«በአደባባይ የተናገርኩትን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም አይሰማም።»

አጠገቧ ጠርታ አስቀመጠችኝ። ከዚያ «በልጄ አጥንት ማይልኝ» አለች። ማልሁላት።

በማግስቱ የሞገስን ዶማ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ምት ስመታ ዶማው አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ የቀብሩን ዕለት መለሰብኝ። ሁለተኛ ማንሣት አልቻልሁም። ብችልም የኔ ጉድጓድ መናዱ አይቀርም ነበር፤ የሚናደው ደግሞ እሷ እሳቱ ላይ ተቀምጣ ሳለ ቢሆንስ? ሸክላ ሠሪዎች ለዚሁ ብለው የሚሠሩት ታችና ላዩ ክፍት የሆነ ወፍራም ሸክላ እንዳለ አስታወስሁ። አፉ የጋን አፍ ያክላል። መሬት ውስጥ ከተተከለ ግድግዳውን ይዞ ዓመታት ይቀመጣል። በገበያ ቀን ልገዛው ሄድሁ።

ሸክላ ተራ ቁጢጥ ብዬ እያንዳንዱን በጣቴ እያንኳኳሁ ስመርጥ ቆየሁ። ድምፁ የጠራውን መርጬ ገዛሁና አቅፌ ተነሣሁ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ እትዬ ዘውዴ ቆማለች። የእድራችን ሴት ናት፤ ሁለት ጎረቤቶቻችን አብረዋት ነበሩ።

«አንቺ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሸክላ ነው፣ እትዬ።»

«ሸክላማ ሸክላ ነው። የምን ሸክላ?» ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ጥቁር ልብሴን አየችው። «ጉድ እኮ ነው! ከሉ ሳይደበዝዝ ጭሱ ደረሰ? ለለቅሶው ጠርተሽናል፤ ለድግሱም እንዳትረሺን አደራ።»

አብረዋት ያሉት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ለአማቴ ነው ብል የሚያበቃ ነገር ነበር። ግን ምያለሁ። ሸክላውን እንዳቀፍሁ ቆሜ ቀረሁ።

ከጎኔ ማሰሮ ስትመርጥ የነበረች ሴት በዚህ ጊዜ ተነሣች። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ወፈር ያለች የእስላም ሴት ናት።

«ምነው እታለም፣ እንደያዝሽው ቀረሽ? አምጪው እንጂ የኔን ሸክላ» አለችና ከእጄ ተቀበለችኝ። ወደ እትዬ ዘውዴ ዞረች። «ወገቤን ቢያመኝ ነው ያዢልኝ ያልኳት። ባሌ ቤት ነው፤ ደህና ነው አልሐምዱሊላህ። የምሞቀውም ለሱ ነው። ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?»

ሸክላ ሻጯ ሳትቀር ሳቀች። እትዬ ዘውዴ «እኔ ምን አልኩ?» እያለች ሄደች። ትንሽ ራቅ ብላ ግን ዞር ብላ አየችኝ። እንዳላመነች ገባኝ።

ሴቲቱ ዘሀራ እባላለሁ አለችኝ። ባጃጅ ጠርታ ሸክላውን ጭኗ ላይ እንዳደረገች «ቤትሽ በየት ነው?» አለች። በመንገድ ላይ ለምን እንዲህ እንዳደረገችልኝ ጠየቅኋት።

«ለራሷ የምትገዛ ሴት ብትሆኚ ትሰድቢያት ነበር» አለችኝ። «ዝም ስትዪ ጊዜ የሰው ነገር እንደያዝሽ ገባኝ። አብሽሪ፣ አልጠይቅሽም።»

ቤት ስንደርስ የተናደውን ጉድጓድና አጠገቡ የጣልሁትን ዶማ አየች። ሸክላውን ትታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። «ማነው የሚቆፍረው?» አለችኝ። ፊቴን አይታ የቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጎጠችና ዶማውን አነሣች። እኔ አፈሩን በእጄ ማውጣት ጀመርሁ።

ድምፁን ሰምታ እምዬ እየተጎተተች ደጃፉ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ አላስችል አላት።

«ጠበብ አድርጊው እንጂ ልጄ፤ ግመል ልትቀብሪበት ነው?»

መቅበር የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ እሷም እኔም ደነገጥን። ዘሀራ ግን መቆፈሯን አላቆመችም። «ግመል አይደለም እማ፤ ያንቺን ቁርጥማት ነው የምቀብረው» አለች። እምዬ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት።

ከዚያ በኋላ አዛዧ እምዬ ሆነች። የኩይሳ አፈር አስመጣች፤ አመድ አስቀላቀለች፤ ሸክላው ከተተከለ በኋላ ዙሪያውን በጠጠር አስጠቀጠቀች። «በሉ አሁን ክረምቱ ይምጣና ያፍርሰው» ብላ በዱላዋ ጫፍ መታ መታ አደረገችው። ዘሀራ እጇን ታጥባ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ወደ ዋጃ የሚመልሰኝ መኪና እንዳያመልጠኝ ብላ ሄደች። ግራ ገብቶኝ ስልኳን እንኳ አልተቀበልሁም።

በዙሪያው ያለው ጭቃ እስኪደርቅ ጠበቅን፤ ሸክላውን በትንሽ እሳት አሟሸነው፤ አልተሰነጠቀም። ከዚያ እምዬ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ መሞቅ ጀመረች። ቀስ በቀስ ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ። ጭሱን ግን አጥር አይዘውም፤ ከኔ ቤት ጓሮ ጭስ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ አየ። ውሃ ስቀዳ ሴቶች ንግግራቸውን ሲያቋርጡ ይታወቀኝ ነበር። ወሬው ሮቢት ለመድረስ አልዘገየም።

ብርዛፍ ስትመጣ እኔ ማድ ቤት የአጃ አጥሚት እያማሰልሁ ነበር። ነፋስ ስለነበረ እምዬ ራሷን ጭምር ተሸፍናለች። የግቢው በር በኃይል ተከፈተ።

«ደግ አደረግሽ! እኔ ስትታሚ ሐሰት ነው ብዬ ከሰው ጋር ስጣላ! የወንድሜ መቃብር ሳይደርቅ አንቺ ገላሽን ታጥኛለሽ? እናቴስ የታለች? የትኛው ጓዳ ዘግተሽባት ነው?»

ማማሰያውን እንደያዝሁ ከማድ ቤቱ ወጣሁ። ብርዛፍ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ፊት ለፊቷ ብርድ ልብሱ ብቻ ነው ያለው፤ ምንም አይንቀሳቀስም።

«ምላስሽን ምን ዋጠው? ዛሬውኑ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው! አንቺም የፈለግሽውን አግቢ!»

ያን ጊዜ ብርድ ልብሱ ከላይ ተከፈተና የእምዬ ላብ ያጠመቀው ሽበታም ራስ ወጣ።

«ጨረስሽ?» አለች።

ብርዛፍ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። «እምዬ?»

«እኔ ነኝ። ጉልበቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ሸክላውን እሷ ገዛች፤ ትንፍሽ እንዳትዪ ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ልጅቱ ለኔ ብላ ስትታማ ከረመች። በይ አሁን ወይ እንጨት ጨምሪ፣ ወይ ዘወር በይልኝ፤ ብርድ አስገባሽብኝ።»

ብርዛፍ ዞር ስትል አየችኝ። ከክምሩ አንድ የወይባ እንጨት አንሥታ ቁጢጥ አለችና እሳቱ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ልትሄድ ስትል ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ቶሎ ብዬ ያዝኋት። እናቴን ልውሰድ የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም።

እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ እምዬ ቤተ ክርስቲያን ውሰጅኝ አለችኝ። በአንድ እጇ ዱላዋን፣ በአንድ እጇ እኔን ይዛ ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ እትዬ ዘውዴም አለች። እምዬ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«ጭስ ሞቀች እያላችሁ የምታሟት ይችን ነው?» አለች።

እምዬ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ኑ፣ አሽትቱኝ። የሞቅሁት እኔ ነኝ። በአደባባይ የማልሁትን አፍርሻለሁ፤ እሱን ከእግዜር ጋር እንጨራረሳለን። የልጄን ሚስት ግን ተውልኝ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያን ምስጢር ለመጠበቅ ያስማለችኝ እሷ ነበረች። ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ተነሥታ መጣችና እውነትም አንገቷን አሸተተች፤ ከዚያ ሳመቻት። «ደህና ወይባ ነው። ከየት አመጣችሁት?» ስትል ሌሎቹ ለእምዬ ቦታ ለቀቁላት። እትዬ ዘውዴ ከእጄ ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

አሁን ሙት ዓመቱ ወጥቷል። ከሌን ቀይሬያለሁ። በዋጃ ሳልፍ መኪናው በቆመ ቁጥር ከወራጆቹና ከቆሙት ሴቶች መካከል ዘሀራን እፈልጋለሁ፤ አላገኘኋትም። ይህን የምታነቡላት ካላችሁ ሸክላው ክረምቱን እንዳለፈ ንገሯት። ስሟን ልታጣ ለነበረች ሴት የራሷን ስም ሰጥታ ነው የሄደችው፤ ያን ማመስገን የምችልበት ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

ኀዘኔ አልሄደም። ሞገስ ከሞተ ለቤተሰቡ እኔ ማን ነኝ የሚለው ፍርሃት ግን ሄዷል። ባለፈው ሳምንት የብርዛፍ ልጅ ተዳረችና እምዬ ለሠርጉ ሮቢት ሄደች። እዚያው ትቅር ይሏት ይሆን ብዬ በልቤ እሰጋ ነበር። ትናንት ጠዋት ደወለች። ስለ ሠርጉ አልነገረችኝም፤ ደህና ነሽ ወይም አላለችኝም።

«ደመና ይታየኛል» አለችኝ። «ያን ጉድጓድ ቆርቆሮ ድፊበት። ነገ ስመጣ እርጥብ ሆኖ እንዳላገኘው።»