ሦስት ስልክ ይዤ ወደ ሰበታ

ሱሉልታ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። የጥቅምት ሱሉልታ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው በውርጭ ነጥቶ አድሯል፤ ጭጋጉ የድርቆሹን ክምር እስከ ወገቡ ውጦታል። አስፋልቱ ዳር ወተት የጫኑ ጋሪዎች ቆመዋል፤ ቱታ የለበሱ ሯጮች ትንፋሻቸው እየጨሰ ያልፋሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እናት የወተት ጀሪካናቸውን በጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ይዘዋል። "አካም ቡልቴ?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉኝ። "ናጋዳ" ብዬ መለስኩና ወደ መስኮቱ ተጠጋሁላቸው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። በሳምንት አምስት ቀን የአንድ የግል ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። በተረፈኝ ጊዜ ስልክ አወዳድራለሁ። ሩቅ አገር አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ዜናውን ወደ አማርኛ እመልስና ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ፤ የዚህን ባትሪ ከዚያኛው፣ የአምናውን ካሜራ ከዘንድሮው እያስተያየሁ። ከጻፍኩባቸው አብዛኞቹን በእጄ ይዤ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር የምጽፈው በናፍቆት ነው። እኛ ሱቅ እስኪደርስ አዲሱ ያረጃል፤ ሲደርስ ደግሞ እኔ ሌላ መናፈቅ ጀምሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጽጌ የምትባል አንባቢ ከተጂ ከተማ ጻፈችልኝ። አባቷ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሰበታ ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በአሮጌ ባለ ቁልፍ ስልካቸው ላይ የቆዩ መልእክቶች አሉ። እነዚያን ማንም ሳያነብላቸው፣ ራሳቸው ማንበብ ይፈልጋሉ። የትኛው ስልክ ይሻላቸዋል? ብላ ጠየቀችኝ።

እስከዛሬ የተጠየቅሁት ስለ ካሜራ፣ ስለ ባትሪና ስለ ጌም ነው። ይህን ግን የጠየቀኝ የለም። ለሦስት ቀን መልስ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ሁሉ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ ነው። በመጨረሻ "ስልኮቹን ይዤ እመጣለሁ" አልኳት። የእንጦጦን ቁልቁለት ስንወርድ አዲስ አበባ ከታች ገና መብራቷን አላጠፋችም ነበር። ለምን እንዲህ እንደቸኮልኩ ራሴም አላወቅሁም።

ቡራዩ፣ ሦስት ሰዓት

ከአዲሱ ገበያ ዊንጌት፣ ከዊንጌት በአስኮ በኩል ቡራዩ። ከተማዋ በመጣሁ ቁጥር አዲስ ትሆንብኛለች፤ ባለፈው ጎመን የበቀለበት ቦታ ላይ ዛሬ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቆሟል። ከመንገዱ ዳርና ዳር የብረት በር ይበየዳል፤ አልጋና ሶፋ ፀሐይ ይሞቃል።

ኦቦ ገመቹ ስልክ የሚጠግኑት በሁለት በያጆች መሃል ባለች ጠባብ ሱቅ ነው። ለማወዳደር ስልክ የሚያውሱኝ እሳቸው ናቸው። ጉዳዩን በስልክ ነግሬያቸው ስለነበር ሦስት ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። አንደኛው አዲስ ነው፤ ቻናሌ ላይ ሁለት ጊዜ ያወደስኩት፣ ጀርባው እንደ መስታወት የሚያበራ። ሁለተኛው መካከለኛ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገዛው ዓይነት። ሦስተኛው ያረጀ ነው፤ ማዕዘኑ ተፈግፍጓል፣ ከጎኑ ያሉት ቁልፎች ወፍራም ናቸው።

ሦስተኛውን ለምን እንደጨመሩት ስጠይቃቸው አስረዱኝ። በባለ ቁልፉ ስልክ ላይ ያለ መልእክት መጀመሪያ ወደ ሲም ካርዱ ይቀዳል። ከዚያ ሲሙ ወደ ሌላው ስልክ ይገባል። ግን አዲሶቹ ስልኮች ሲም ላይ የተቀመጠ መልእክት ማሳየት ትተዋል።

"ሁሉም እየዘመነ ይሄን ረሳው" አሉ ኦቦ ገመቹ። "ይሄ ሽማግሌ ግን አልረሳም።"

አንድ ነገር ደግመው አስጠነቀቁኝ። ጽጌ የባለ ቁልፉ ስልክ ጀርባ ማበጡን ጽፋልኝ ነበር፤ ያበጠው ባትሪው ነው ማለት ነው። እንዳልጫነው፣ ቻርጅ ላይ እንዳላቆየው፣ ከተነሳም በኋላ ብዙ ጊዜ እንደማይሰጠኝ ነገሩኝ። "ገለቶማ" ብዬ አመስግኜ ስልኮቹን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

አየር ጤና፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሦስቱን ስልኮች ከፍቼ ስክሪኑን የሚያነበውን ድምፅ አስጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ለመጠቀም ሞከርኩ። አንድ ደቂቃ አልቆየሁም። በአዲሱ ስልክ ጣቴ የት እንዳለ ጠፋኝ፤ የሚዳሰስ ነገር የለውም። መካከለኛው የማልፈልገውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ከሆሳዕና መጥቶ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። መልእክቶቹ በምን ፊደል እንደተጻፉ ጠየቀኝና አሰብኩ። አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ የኛ ፊደል የለውም፤ ሁላችንም አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። ወጣቱ እንደዚያው የተጻፈ አንድ መልእክት ከራሱ ስልክ ላከልኝ። "ደህና ዋልሽ" የሚል ነበር። አዲሱ ስልክ እንግሊዝኛ መስሎት አነበበው፤ የወጣው ድምፅ የማንም ቋንቋ አይደለም። መካከለኛውም አሮጌውም እንደዚያው።

ወጣቱ ሳቀ። "እናቴ ብትሰማው ፈረንጅ ሆነ ትላለች" አለኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባዶ እጄን ልገባ ነው ብዬ ፈራሁ። ለዓመታት ስልክ ሳወዳድር ስልኩን የሚይዘውን ሰው በዓይነ ህሊናዬ ስዬ አላውቅም ነበር። አሁን ሰበታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው።

ሰበታ፣ ሰባት ሰዓት

የጽጌ አባት፣ መምህር ደምሴ፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የእግሬን ድምፅ ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ። ቤታቸው ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ብዙ አይርቅም፤ እዚያው ተምረው እዚያው አስተምረው ነው ጡረታ የወጡት። ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ ሻዩንም ራሳቸው ቀዱልኝ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ስንበላ ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወቱኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ ዓይናማ ነበሩ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ሥራ ላይ በስልክ ማውራት ስለማይፈቀድ ለባላቸው መልእክት ይጽፉ ነበር። ባላቸው ማንበብ እንደማይችሉ እያወቁ። ማታ ሲገቡ ራሳቸው ስልኩን ተቀብለው፣ "እስቲ ዛሬ ምን እንደላክሁልህ እንስማ" ብለው ያነቡላቸዋል። ይህ ስልክ ከያዙ ጀምሮ አልተቋረጠም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ወይዘሮ እታፈራሁ ታመው ሆስፒታል ገቡ። በመጨረሻው ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። መምህር ደምሴ ከሰዓት በኋላ እየሄዱ እጃቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጠዋት ጠዋት ግን ቤት ሳሉ ስልኩ ይጮሃል። አራት ቀን፣ አራት ጊዜ።

"ሌላ ሰው ያንብብልኝ አላልኩም" አሉኝ። "ድምጿ ሲመለስ ራሷ ታነብልኛለች ብዬ ጠበቅኳት።"

አልተመለሰም። ጽጌ ላንብብልህ ብላቸው ነበር፤ እንቢ አሉ። ለልጅ ጆሮ የተጻፈ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ ነው ምክንያታቸው። ለጎረቤትም አልሰጡም። ሁለት ዓመት ስልኩን ትራሳቸው ሥር አኖሩት፤ አሁን ባትሪው ማበጥ ሲጀምር ፈሩ።

ሦስቱን ስልኮች በየተራ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። አዲሱን ዳስሰው፣ "ይሄ እንደ እርጥብ ሳሙና ያሟልጫል" አሉና መለሱልኝ። መካከለኛውን ጆሯቸው ሥር ያዙት፤ ይቸኩላል አሉ። አሮጌውን ሲይዙ ጣታቸው ወፍራሞቹን ቁልፎች አገኛቸው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ እሱም ማንበብ እንደማይችል ነገርኳቸው። አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቃሉን ትቶ ፊደሉን ብቻ፣ አንድ በአንድ መጥራት ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ይችላል። አልታየኝም ነበር እንጂ ይችላል። አዲሱም ሆነ መካከለኛው በእርግጥ ፊደል ይጠራሉ፤ ሲሙ ላይ ያለውን መልእክት የሚከፍተው ግን ይህ አሮጌው ብቻ ነው።

"እንግሊዝኛ ፊደል ሳስተምር ነው ያረጀሁት" አሉ። "ፊደሉን ይስጠኝ፤ ቃሉን እኔ እገጥመዋለሁ።"

ባለ ቁልፉን ስልክ አስነሳሁት። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው የላኪው ስም ብቻ ነው፤ አራት ያልተከፈቱ የፖስታ ምልክቶች፣ አራት ጊዜ እታፈራሁ። ሳልከፍት፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ወደ ሲሙ መቅዳት ጀመርኩ። ሁለቱ እንዳለፉ ስልኩ ጠፋ።

 መምህር ደምሴ ድምፄ መቋረጡን ሰምተው ምን እንደሆነ አወቁ። ኦቦ ገመቹ እንዳሉኝ ባትሪውን ሳልጫን ጥቂት አቀዝቅዤ እንደገና አስነሳሁት። መብራቱ መጣ። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው አለፈ። ከዚያ ስልኩ ለዘለቄታው ጠፋ፤ ሲሙን ግን በእጄ ይዣለሁ።

ሲሙን የኦቦ ገመቹ አሮጌ ስልክ ውስጥ አስገብቼ የመጀመሪያውን መልእክት ከፍተን ፊደል በፊደል እንዲጠራ አደረግሁት። ስክሪኑን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

ኤን። ኢ። ጂ። ኢ።

"ነገ" አሉ መምህር ደምሴ በዝግታ።

ተነስቼ ግቢ ወጣሁ። በጅማ መንገድ ሚኒባሶች ያልፋሉ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ ለመቀየር ይቸኩላሉ። ሁለት ተማሪ ልጃገረዶች የዓይነ ስውራን ነጭ በትራቸውን ይዘው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እየተሳሳቁ አለፉ። ከቤት ውስጥ የፊደሉ ድምፅ ይሰማኛል እንጂ ቃሉ አይገባኝም። ጥሩ አደረግሁ ወይስ ሳይነካ የኖረ ቁስል ነካሁ እያልኩ ቆምኩ።

ጠሩኝና ገባሁ። ፊታቸው ተለውጧል።

"ነገ ስትመጣ ነጠላዬን አምጣልኝ፣ ይበርደኛል ነው የሚለው። በማግስቱ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ከሕመሙ መስሎኝ…"

 እዚህ ላይ እናቁም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለተኛውን ራሳቸው ከፈቱት። በዚህ ጊዜ ልወጣ ስነሳ ተቀመጪ አሉኝ፤ ፊደሉን እየገጠሙ ጮክ ብለው ቃሉን ይናገሩ ጀመር። አንዱን ቃል ሁለቴ፣ አንዱን ሦስቴ እያስደገሙ ነው። ረጅም ጊዜ ወሰደ።

"ነርሷ… ብርድ ልብስ… ደረበችልኝ። አንተ… ካፖርትህን… ልበስ። ትናንት… እጅህ… በረዶ ነበር።"

ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ከዚያ አለቀሱም። እሷ እኔን በረደው ብላ፣ እኔ እሷን በረዳት ብዬ፣ አሉ፤ የቀረውን አልጨረሱትም። እንባቸውን በመዳፋቸው ሲጠርጉ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ሁለት ይቀራሉ። ሦስተኛውን እንዴት እንደሚከፍቱት ላሳያቸው ስጠጋ እጄን ያዙኝ።

"ይቆዩኝ" አሉ። "ሁለት ዓመት ሳልሰማት ኖሬያለሁ። አሁን ገና የምትነግረኝ ነገር እንዳላት እያወቅሁ ትንሽ ልኑር።"

ሲሙ ላይ በደህና እንደተቀመጡ፣ ማንም እንደማያጠፋቸው ደግሜ አረጋገጥኩላቸው። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መተየብ አለማመድኳቸው። የእኔንና የጽጌን ቁጥር መዘገብኩላቸው። የስልኩን ነገር ኦቦ ገመቹን ደውዬ ስጠይቃቸው፣ እዚያው ይቅር አሉኝ።

ሱሉልታ፣ ምሽት አንድ ሰዓት

እስከ በሩ ሸኙኝ። መንገዱ ተዘጋጋ፤ ከአለም ገና እስከ አየር ጤና ጭነት መኪና በጭነት መኪና ነበር። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲዘጋጋ ስልኬን አውጥቼ ምን አዲስ ወጣ እያልኩ ዜና አገላብጣለሁ። ዛሬ መስኮቱን እያየሁ መጣሁ። እኔ ስፈልገው ያልመጣን ነገር ነው ናፍቆት የምለው። እሳቸው ደግሞ የመጣላቸውን እጃቸው ላይ ይዘው ይናፍቃሉ። የትኛው እንደሚከብድ አላውቅም።

እንጦጦን አልፈን የባሕር ዛፉ ሽታ ሲቀበለኝ መሸት ብሏል። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ ሁለት ፊደል ጎድሎታል፣ አንዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። መምህር ደምሴ ናቸው። "ሱሉልታ ገባሽ ወይ" ይላል።

ይህን ለመጻፍ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው አሰብኩ። በእኛ ፊደል ልመልስ ብዬ ነበር፤ ተውኩት። እሳቸው በለመዱት ፊደል አንዲት ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ አንድ በአንድ እየሰሙ እንዲገጥሟት። ላክሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በልቤ አብሬያቸው ቆጠርኩ።

ጂ። ኢ። ቢ። ኤ። ኤች። ዩ።