አሥራ ሁለተኛው ደብተር

ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ሽታ ጉሮሮዬን በከረከረው ቁጥር፣ ከማስነጠሴ በፊት የአባቴ ድምፅ ይመጣብኛል፤ «እስቲ ቀጥይ» የሚለው። ባለፈው ኅዳር ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ሳልፍ ያው ሽታ ይዞኝ ቆም ባልሁበት፣ ስልኬ ጮኸና ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል በቴሌግራም ቻናሉ ያወጣውን ጽሑፍ አመጣልኝ። ርእሱ «ከየት ልጀምር?» ይላል። ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ የባሕር ማዶ የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲ አለ፤ አድናቂዎቹ ስሙን አለቅጥ ስለሚጠሩት እኔ አልጨምርበትም። ወንድሜ የዚህን ሰው ታሪኮች በተራ ቁጥር ደርድሮ፣ ይህን ሳታነቡ ያንን እንዳትነኩ እያለ ጀማሪዎችን ያዝዛል። ከሥሩም «አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል አስጀመርኋቸው፣ በጣምም ወደዱት» ብሎ ጽፏል። ወንድሜን ከተወለድሁ ጀምሮ እንቀው ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ መናቅ የጀመርሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ምክንያትም አለኝ።

ቤታችን ማንኩሳ ነበር፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄደው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በሚያልፍበት መንገድ ዳር። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው በስተርጅና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ዳዊቱንም ቅኔውንም በቃላቸው ስለሚያውቁት ለእሱ ዓይን አላስፈለጋቸውም፤ ዓይን ያስፈለጋቸው ለማያውቁት ነገር ነበር። ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እጄ የገባውን ሁሉ፣ ያረጀ ጋዜጣም ይሁን የማዳበሪያ ከረጢት ጽሑፍ፣ አነብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሁሉንም በእኩል ትዕግሥት ያዳምጡ ነበር።

ይበልጣል አንድ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሲመጣ፣ ለእናታችን ስኳር ለአባታችን ጋቢ ይዞ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ አሥራ ሁለት ደብተር የታጨቀበት የብረት ሳጥን አሸክሞ መጣ። የዚያን ደራሲ ታሪኮች በገዛ እጁ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሷቸው ነበር። ድካሙን አልክድም፣ የእጅ ጽሑፉም ያምር ነበር። ነገር ግን በየደብተሩ ሽፋን ላይ ቁጥር ጽፎ፣ አሥራ ሁለተኛውንማ ማንም ቀድሞ እንዳያየው ዙሪያውን በስቴፕለር ነክሶ አሽጎት ነበር፤ ንዋየ ቅድሳት ያስቀመጠ ነበር የሚመስለው።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለበት ቀን፣ አባታችን ፊት ተቀምጦ ደብተሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ ማስተዋወቅ ጀመረ። አባቴ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ እንቅልፍም እየዳዳቸው ያዳምጡ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ የጉድጓድ ቆፋሪ ታሪክ ነው፣ ሰውዬው ብዙ ከቆፈረ በኋላ ለምሳ ወጥቶ አፋፉ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከጉድጓዱ ሥር የገዛ ራሱ ድምፅ ገመድ ጣልልኝ እያለ ይጠራዋል አለ። የአባቴ መቁጠሪያ ቆመ።

«ጣለለት?» አሉ።

«እሱን ሲደርሱበት ነው፣ አባ» አለ ይበልጣል፣ ፈገግ ብሎ።

አባቴ እንግዲያው ከሱ እንጀምር አሉ። ይሄኔ ወንድሜ የተዘጋጀበት የሚመስለውን ጥያቄ አቀረበ፤ «አባ፣ እርስዎ ተማሪዎን ተመወድስ ያስጀምሩታል?»

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ እያደር እየጨመረ፣ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚደርስበት ጊዜ አለው፤ ልዝለል ያለ ይሣቅበታል። ይህን ሕግ በዚያ አገር ከአባቴ በላይ ያስከበረ አልነበረምና በገዛ ሕጋቸው ተያዙ። ሣቅ ብለው «እውነትህን ነው» አሉት። እኔም ያን ዕለት ወንድሜን እንዴት ያለ ሊቅ ነው ብዬ ተመለከትሁት። ዛሬ ሳስበው የአንድ ፈሪ ደራሲ የጭጋግ ወሬ የቅኔን መሰላል ሊዋስ የሚችልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ለወንድሜ ግን መሰላል ማለት እሱ ላይ ሆኖ ሌላው ታች የሚቆምበት ነገር ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ የሳጥኑን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። እያንዳንዱ ደብተር ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲነበብ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እንዳይነካ አዘዘኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እንደ ዕቃ ቤት ሹም ተንቀባረርሁ። በየሳምንቱ በእናታችን ስልክ ይደውል ነበር፤ የአባታችንን ጤና ከመጠየቁ በፊት ስንተኛው ላይ እንደሆንን ይጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ልክ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ እየኮራሁ እመልስለት ነበር።

በጥቅምትና በኅዳር በርበሬው ተለቅሞ ግቢው ሁሉ ቀይ ይለብስ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ከቤቱ ጥላ ሥር መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ዶሮ ከበርበሬው የማባርርበትን ዘንግ በአንድ እጄ፣ ደብተሩን በሌላው ይዤ አነብ ነበር። የመጀመሪያው ደብተር አምስት ገጽ ሙሉ ጭጋግ ነበር፤ ከጭጋጉም መጨረሻ ሰውዬው ሊነገር የማይችል ነገር አይቶ ያብዳል። ሁለተኛውም ያው ጭጋግ ነው፣ ያበደው ሰው ብቻ ተለውጧል። አባቴ፣ ጨርሼ ደብተሩን ሳጥፍ፣ «ሊነገር ታልቻለ ምን አስጻፈው?» አሉ። እናቴ በርበሬውን እያገላበጠች፣ በኛ አገር ጅብ ያየ ሰው እንኳ ወዴት እንደሄደ ይናገራል፣ ይሄ ግን ምን ዓይነት ቦቅቧቃ ቢሆን ነው ብላ ከት ብላ ሣቀች። እኔ ተቆጣሁባቸው። ሁለቱም ገና ጀማሪ ስለሆኑ ነው ብዬ፣ ወንድሜ እንዳዘዘኝ ያንኑ ጭጋግ ሁለተኛ አነበብሁላቸው። አባቴ በየታሪኩ መጨረሻ፣ የባጥ የቆጡን ሲያወሩ ቆይተው፣ ያ ቆፋሪ ቀድሞውንስ ገመድ ነበረው ወይ ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

በርበሬው ለቡሬ ነጋዴዎች ተሸጦ ግቢው ባዶ በሆነበት በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ስድስተኛውን ልጀምር ስል አባቴ ወሬ ጀመሩ። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ለንግሥ ሄደው፣ ሰዉ ከቦት ከቆመው ማኅበር መካከል አንድ መምህር መወድስ ሲቀኙ ሰሙ። አንዲት ቃል አልገባቸውም፤ ብቻ ጠጉራቸው ቆመ፣ በማግሥቱም ከቤት ጠፍተው ቅኔ ቤት ገቡ። «እንግዲህ እኔ የጀመርሁ በመወድስ ነው» አሉኝ፤ «ጉባኤ ቃናው ኋላ መጣ።» ጥሩ ወሬ ነው ብዬ አዳመጥሁና ስድስተኛውን ገለጥሁ። ልመና እንደሆነ አልገባኝም። በኛ አገር ሽማግሌ ልጁን ደጅ አይጠናም፣ ወሬ ያወራል፤ የሚሰማ ጆሮ ካለ ይሰማል። እኔ ጆሮ አልነበረኝም፣ ቁልፍ ነበረኝ።

ሁዳዴ ሲገባ አባቴ ራሳቸው በጾም ጭራቅ አይነበብም ብለው ከለከሉና ሳጥኑ ስምንት ሳምንት ተዘግቶ ከረመ። ፋሲካ ውሎ ሰባተኛውን ስንጀምር አባቴ ከመደቡ ወደ ውስጥ ገብተው አልጋ ላይ ነበሩ። ምግብ እምቢ አላቸው፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒትም አልበጃቸውም። ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባተኛውን አንድ ጊዜ አንብቤ ስጨርስ እጄን ያዙኝ።

«እኔ ምለው፣ ልጄ፣ ጣለለት ይሆን?»

«አባ፣ ገና ሰባተኛው ላይ ነን እኮ» አልኋቸው። «እሱንም አልደገምነው።»

«ይሁን፣ ሥርዓት ነው» ብለው እጄን ለቀቁኝ። በአራተኛው ቀን ዐረፉ።

ይበልጣል ለቀብር መጥቶ ከልቡ አለቀሰ፤ ይህንንም አልክድም። በሦስተኛው ቀን ግን ከለቀስተኛው መሀል ወደ ጓዳ ጠርቶኝ ስንተኛው ላይ እንደደረስን ጠየቀኝ። ሰባተኛው አልሁት። ራሱን ነቅንቆ «ያሳዝናል፣ ዋናውን ሳይሰሙት» አለ። ሰው መናቅ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ግማሹ ንቀት ለእሱ ነበር፣ ግማሹ ግን አንገቴ ላይ ለተንጠለጠለው ቁልፍ ነበር።

በአርባው ማግሥት፣ ሐምሌ ዝናቡን ሲያወርደው፣ ሳጥኑን ከፍቼ አሥራ ሁለተኛውን አወጣሁ፤ የተነከሰውን ሽቦ በቢላዋ አንድ በአንድ ነቅዬ ገለጥሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪው የራሱን ድምፅ ሰምቶ ትንሽ ፈራ፣ ከዚያ ገመዱን ጣለለት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። የቀረው አሥር ገጽ የወጣው ማን እንደሆነ የሚተርክ ነው፤ አባቴ እሱን አልጠየቁም። የጠየቁት ገመዱን ነበር፣ መልሱም በርበሬ አንዴ እስኪገላበጥ ባለው ጊዜ ተነብቦ የሚያልቅ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሽቦውንም ቢሆን ቢላዋ ይነቅለው ነበር፣ ያጣሁት ቢላዋ አልነበረም።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ልጆች መጥተው ከየት ልጀምር ሲሉኝ፣ ዓይናቸው ያረፈበትን አውርጄ እሰጣቸዋለሁ፤ መካከሉን ገልጠው ቢጀምሩ አልናገርም፣ መጨረሻውን ቢያዩም አልናገርም። ወንድሜ በበኩሉ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ዛሬም መሰላሉ አናት ላይ ቆሞ ተራ ያስጠብቃል፤ ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ነበሩ የሚጠብቁት፣ አሁን ተከታዩ ብዙ ነው። ባለፈው ኅዳር ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ጻፍሁበት፤ «ገመዱን ጣለለት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።» ሰዓት ሳይሞላ አጠፋው፤ ደውሎም ለጀማሪዎች ታሪኩን አበላሸሽባቸው ብሎ ወቀሰኝ። ዘንድሮም በአባቴ ሙት ዓመት ቀን መልሼ ጻፍሁት፣ መልሶ አጠፋው። በሚቀጥለውም ዓመት እጽፈዋለሁ። ለጀማሪዎቹ አይደለም፤ እሳቸው ጠይቀውኝ ነበር።