ሥዕሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ለተሥላሴ መጀመሪያ ሸራውን በመቀስ ትሰነጥቀዋለች። የድንኳን ሸራ ነው፤ ወፍራም፣ ሁለት ክረምት ዝናብ የመታው፣ በየጠርዙ የገመድ ቀዳዳ ያለበት። ቀዳዳ ቀዳዳውን ቆርጣ ትጥላለች። የቀረውን በርሜል ውስጥ በአመድ ውሃ ትቀቅለዋለች፤ ዝናብ እንዳያስገባ የተቀባው ሰም እስኪለቅ ድረስ። አውጥታ በእግሯ ትረግጠዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ ደግማ ትቀቅለዋለች። አንድ ጠብታ ውሃ ታደርግበታለች። ጠብታው ተንከባሎ ከወረደ ገና ነው። ሸራው ከጠጣው ደርሷል።

ሸራው የሚወጠርበትን የእንጨት ክፈፍ፣ ቴላዮውን፣ አያ ቅጣው የሚባሉት የሰፈሩ አናጢ ናቸው የሚገጥሙላት፣ ከተጣለ የዕቃ ሳጥን እንጨት። ሸራውን ስትወጥር ከየጎኑ መሃል ትጀምራለች፤ ማዕዘኖቹ መጨረሻ ናቸው። በጣቷ መታ ስታደርገው እንደ ከበሮ ካልጮኸ ምስማሩን ሁሉ ነቅላ እንደገና ትጀምራለች። ከዚያ ሙጫ። ከበሮ ከሚለጉሙ ሰዎች የምትለቅመውን የቆዳ ቁርጥራጭ ዘፍዝፋ፣ በለዘበ እሳት ታቀልጠዋለች። መፍላት የለበትም፤ ከፈላ መያዝ ይተዋል። አንድ ስስ ድርብ ትቀባና ይደርቃል።

ቀጥሎ ጠመኔ። ከሦስት ትምህርት ቤቶች የተለቀመ የጠመኔ ስባሪ ትወቅጣለች፣ በነጠላ ቅዳጅ ትነፋለች፣ ከሙጫው ጋር ታዋህዳለች። አራት ጊዜ ትቀባዋለች፣ አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ጎን። በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለች፣ መዳፏ ላይ ሻካራ እስኪጠፋ።

ዘይቱ ደሃና ከሚባለው ወረዳ ከሚመጣ ተልባ ነው። የተወቀጠውን ተልባ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በሁለት ብረት መሃል አስገብታ፣ በመኪና ክሪክ ትጨምቀዋለች። የወጣውን በዝርግ ሳህን አድርጋ፣ በመስታወት ከድና፣ ቆርቆሮ ጣራዋ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደ ማር ይጓተታል። ቀዩ አፈር ከመንገድ ቆረጣ፣ ቢጫው ከፃግብጂ ወረዳ፣ ጥቁሩ ከጥቀርሻ፣ ቡናማው ከተሰበረ ሸክላ ነው። እያንዳንዱን በውሃ አጥባ ታጠልላለች፤ ከደረቀ በኋላ በዘይቱ ለውሳ፣ ድንጋይ ላይ በመጅ እስኪለሰልስ ትፈጨዋለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሥዕል የሚባለው። ከብረት መቁረጫ ሰጌቶ ምላጭ በሠራችው ቢላ ታለብሳለች፣ ትፍቃለች፣ ፍቃ እንደገና ታለብሳለች። ሰው የለበትም። ቤት የለበትም። ቀይ ከጥቁር ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ አለ፤ አንዳንዴ ያን ጠርዝ ለማግኘት ሦስት ወር ይፈጅባታል።

አያ ቅጣው አንድ ቀን ቴላዮ ይዘው መጥተው ቆመው አዩ።

«ይኼ የምን ሥዕል ነው?»

«የቀይና የጥቁር ነው፣ አያ።»

«እንዲያው አንዲት አህያ ጣል ብታደርጊበት ምናለ? እኔም ይገባኝ ነበር።»

«አህያዎን ያምጧትና እሷኑ ልቀባት።»

ሽማግሌው ሳቁ። እሷም ሳቀች። አያ ቅጣው ባይገባቸውም ቴላዮውን ሚሊ ሳያጎድሉ ነው የሚገጥሙላት፤ ስለዚህ አትናደድባቸውም። የምትናደደው በሌላ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይሰመርበት። ለተሥላሴ ይህን ሁሉ የምትለፋው ቀለም መግዣ አጥታ አይደለም። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሰቆጣ ውስጥ የብረት በርና የግቢ አጥር በመቀባት የታወቀች ባለሙያ ናት፤ በሙያ ማሠልጠኛ የተማረችው የሕንፃ ማጠናቀቅ ሥራ ነው፤ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ስታጠቁር አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሱቅ ቀለም ቤቷ ሞልቷል። ሥዕል የጀመረችውም እሱን ስትሞክር ነው፤ የበር ቀለም ልኩን የምታይበት አንድ ጣውላ ነበራት፣ በላዩ ላይ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ፣ አንድ ቀን ከቀባችው በር ይልቅ ጣውላውን ስታይ እንደዋለች አስተዋለች።

ከዚያ የቱ ቀለም እንደሚበልጥ እንደ ባለሙያ ፈተነች። ሃያ አራት ቁራጭ ሸራ ቆርጣ ግማሹን በሱቅ ቀለም፣ ግማሹን ራሷ በሠራችው ቀብታ የውጭ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። በመሃል ጦርነቱ መጣ፤ ሰው ሸሸ፤ እሷም አምስት ወር ሸሽታ ተመለሰች። ቁራጮቹ ከግድግዳው አልወረዱም። ስትመለስ የሱቁ ቀለም ተሰነጣጥቆ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። የራሷ አንድም አልተነቃነቀም። ነገሩ በዚያ አለቀ። የድንኳን ሸራና የጠመኔ ስባሪ የምትጠቀመው ስለሚሻል ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ተስፋው የሚባል ሰው መጣ። ኪስ የበዛበት ሰደርያ ለብሷል፤ ከአንድ ድርጅት ነው። ባሕር ዳር ላይ የአካባቢው ሠዓሊዎች ሥራ ይታያል፣ ሦስት ሥዕል ልውሰድ አላት። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል? ሥራዋ ከሰቆጣ ወጥቶ አያውቅም። ሦስቱን መርጣ፣ ከጀርባቸው በእርሳስ ስማቸውን ጽፋ ሰጠችው። አንዱ «ቀይ አፈር፣ ሦስት ድርብ» ይላል። ሰውየው ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋላት።

ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ውስጥ ባለፉት ዓመታት ያልፈረመ ሰው የለም። ለስንዴ ተፈርሟል፣ ለዘይት ተፈርሟል፣ ለብርድ ልብስ ተፈርሟል፣ ስብሰባ ላይ ለተጠጣ ሻይ ሳይቀር ተፈርሟል። ሰደርያና ወረቀት አብረው ሲመጡ እጅ ራሱ ይዘረጋል። ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። ማን ያነባል? ላንብብ ያለ ሰልፉን ያስቆማል፤ ከኋላው ያለው ይጮህበታል። ለተሥላሴ የቀለም ቆርቆሮ ስትገዛ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የምታነብ ሴት ናት። ያን ቀን ከኋላዋ ሰልፍ አልነበረም። ግን እንደለመደችው ፈረመች።

በወሩ ባሕር ዳር የሚማረው ያጎቷ ልጅ ንጋቱ ደወለ።

«ለተ፣ ሥዕልሽን እያየሁት ነው። አራት ልጅ እንዳለሽ ግን ለምን ደበቅሽን?»

«ምን?»

«አራት ልጅ ይላል እኮ እዚህ።»

ለተሥላሴ አልወለደችም። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ደረሰች። ከሦስቱ ሥዕል የተሰቀለው አንዱ ብቻ ነው። ከግርጌው፣ ቀለሙ ላይ፣ ወረቀት ተለጥፏል። ከጎኑ አይደለም፤ በላዩ ላይ፣ በሙጫ። ገና ከሥሩ ያልደረቀ የዘይት ቀለም ላይ! እንዲህ ይላል፦ «ለተሥላሴ ከቀዬዋ የተፈናቀለች የአራት ልጆች እናት ናት። ቀለም መግዣ ስለሌላት ከቆሻሻ መጣያ በለቀመችው የልቧን ሐዘን ትገልጻለች። ርዕስ፦ የእናት እንባ።»

ተስፋው ከሩቅ አይቷት እጁን ዘርግቶ መጣ። «እህታችን! እንኳን መጣሽ። ሰው ሁሉ እያለቀሰልሽ ነው።»

«ምን ሆንኩ ብሎ?»

«በታሪክሽ ነዋ።»

«አራቱን ልጆቼን አምጣቸውና ላሳድጋቸው።»

ሰውየው ሳቀ። «እሱ እንኳ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶ ይሆናል። ግን ተፈናቅለሽ አልነበረም?»

«ሸሽቼ ተመለስኩ። አንተስ አዳማ ለስብሰባ ሄደህ ስትመለስ ተፈናቃይ ትባላለህ?»

«አይ እንግዲህ...»

«ቆሻሻውስ?»

«አሮጌ ድንኳን፣ የጠመኔ ስባሪ፣ የሸክላ ገል... ታዲያ ምን እንበለው?»

«ዕቃ በለው። የሙያ ዕቃ። አንተ አስቤዛ ገበያ ለቅመህ ወጥ ስትሠራ ሰው ወጡን ቆሻሻ ይልብሃል?»

ተስፋው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፤ ሰው ቀይና ጥቁር አይቶ ምንም አይለውም። የሚያስቆመው ወረቀቱ ነው። ላንቺው ብለን ነው።» ከዚያ ከሰደርያው አንዱ ኪስ የታጠፈ ቅጽ አወጣ። «ደግሞ ፈርመሻል።»

ፊርማዋ ነው። በላዩ ዘጠኝ መስመር አለ። ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። «ታሪኬን ድርጅቱ እንደሚያመቸው አዘጋጅቶ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ከተስፋው ይልቅ የተናደደችው በራሷ ነው፤ ዘጠኝ መስመር ለማንበብ ስንት ደቂቃ ይፈጅባት ነበር?

«እሺ» አለች። «ታሪኬን ፈርሜልሃለሁ። 'ሥዕሌን ሰጥቻለሁ' የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ሰውየው ወረቀቱን ወሰደ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለ። የለም።

«ሁለቱ የት አሉ?»

«እነሱ... ለእንግዶች በስጦታ ተሰጥተዋል።»

«ማን ሰጠ?»

«ድርጅቱ።»

«የማንን?»

ተስፋው ቅጹን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ።

«ለማን ተሰጡ? ስማቸውን ንገረኝ።»

«ብዙ እንግዳ ነበር። ዝርዝሩ እኔ ጋ የለም።»

«ስንዴ የወሰደ ሁሉ ስሙ አለህ። ሥዕሌን የወሰደ ስሙ የለህም?» ጮኸች። አዳራሹ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት ወረቀቱን እያየች አንገቷን በሐዘን ነቀነቀች፤ ለተሥላሴን ያ አንገት መነቅነቅ ከሁሉም በላይ አበገናት።

ከቦርሳዋ ካቻቢቴ አወጣች፤ ያለሱ ከቤት አትወጣም። ወንበር ላይ ወጥታ ብሎኑን ፈታች፣ ሥዕሉን በብብቷ ያዘች። ተስፋው ስልክ ሊደውል ወጣ። በሩ ላይ ደረሰ የሚባል ጥበቃ ቆሟል።

«እቴ፣ ያለ መውጫ ወረቀት ዕቃ አይወጣም።»

«መውጫውን ማን ይፈርማል?»

«የዕቃው ባለቤት።»

«አምጣው።»

ወረቀቱ አጭር ነው። ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፋ ማንበብ ጀመረች። ከኋላዋ ሰው መሰብሰብ ያዘ፤ አንዱ «አቦ ፈርሚና እለፊ!» አለ። አልዞረችም። እስከ መጨረሻው ነጥብ አንብባ፣ «ዓይነት» በሚለው ቦታ «የዘይት ቀለም ሥዕል» ብላ ሞልታ፣ ፈረመች። ጥበቃው ደረሰ አንብቦ በሩን ከፈተላት። «እኔስ ወረቀቱ ላይ ያለችው እናትየዋ መስለሽኝ ነበር» አላት ቀስ ብሎ።

«የለችም እሷ» አለችው።

ሰቆጣ ተመልሳ ወረቀቱን ለማንሳት አሥር ቀን ፈጀባት። ከሥሩ ቀለሙ እንደ ወተት ሰልባቦት ተጨማዷል፤ አየር ስላጣ አልደረቀም። ያን ቦታ እስከ ነጩ ጠመኔ ድረስ ፍቃ አወጣችና እንደ አዲስ ሠራችው። ሥራ ስለሆነ ይጠገናል። ያልተጠገነው ሌላው ነው፤ ሁለት ሥዕሎች ከነውሸታቸው በሰው ቤት ተሰቅለዋል። ተስፋው ቢሮ አምስት ጊዜ ደወለች። አንዴ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ መስክ ወጥቷል፣ አንዴ «ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ»። በጽሑፍ አቀረበች። መልስ የለም።

አሁን የቀራት ይህን የሚያነበው ሰው ነው። ቃሏ እንዳለ ይኸው፦

«ሁለቱም ቁመታቸው አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ጎናቸው አንድ ክንድ ነው። አንዱ ከላይ ቢጫ ከታች ጥቁር፣ መሃሉ ላይ እንደ ተቀደደ ቀይ መስመር አለበት። ሌላው ቡናማ ብቻ ነው፤ አምስት ዓይነት ቡናማ። ቤታችሁ፣ ቢሯችሁ፣ ወይ የሆቴል ግድግዳ ላይ ካያችሁ ግርጌውን እዩ። ወረቀት ካለበት ውሃ እንዳታስነኩት። በደረቁ፣ በስስ ምላጭ፣ ከጠርዝ ጀምራችሁ ወደ መሃል ቀስ ብላችሁ አንሱት። ትንሽ ቀለም ይዞ ቢመጣ አትደንግጡ። ከዚያ ገልብጡትና ጀርባውን አንብቡ፤ ስሙን በእጄ ጽፌዋለሁ። ከሥሩ 'ለተሥላሴ ብርሃን፣ ቀለም ቀቢ፣ ሰቆጣ' ብላችሁ ጨምሩበት። ሥዕሉን መልሱልኝ አላልኩም፤ ከወደዳችሁት ይሰቀል። ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ አንሱልኝ።»